የሐይቅ ዳር ለምለም ሣርና የማይታየው ጠላት

ጠላት ሁሉ ነጋሪት እያስጎሰመ አይመጣም። አንዳንዱ በአንድ ወር ውስጥ በረቱን ባዶ አድርጎ የሚሄድ ሲሆን፣ አንዳንዱ ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ፣ ዓመት ከዓመት ጥቂት በጥቂት እየቆነጠረ የባላገሩን ሀብት የሚበላ ነው። የመጀመሪያውን ሕዝብ አይረሳውም፤ ለዘመኑም ስም ያወጣለታል። ሁለተኛውን ግን ጠላት ነው ብሎ የሚቆጥረው ሰው ብዙ አይደለም። ዛሬ ለአንባቢያን የምናቀርበው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ዓይነት ጠላት፣ ይኸውም በከብትና በበግ ገላ ውስጥ ተሸሽገው ስለሚኖሩት ጥገኛ ትሎች ነው። ነገሩም እንዲሁ በደፈናው እንዳይቀር፣ ወደ ደቡብ ወሎ፣ ወደ ሐይቅና ወደ አምባሰል ወስደን እንመለከተዋለን።

የመጀመሪያውን ዓይነት ጠላት ወሎ አሳምሮ ያውቀዋል። በ1880 ዓ.ም. ግድም በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ የተባለው በሽታ የአገሪቱን ከብት ጠርጎ ፈጀ፤ በሬ ያጣው ገበሬም ማረስ ስለ ተሳነው ረኃብ ተከተለ። ሕዝቡ ያን ዘመን «ክፉ ቀን» ብሎታል። በአምባሰል ምድር፣ በውጫሌ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ስመ ጥሩው ውል ሲፈረም አገሪቱ በዚሁ መከራ ውስጥ ነበረች። ይሁን እንጂ ያ ጠላት ዛሬ ከምድረ ገጽ ጠፍቷል። በ1956 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የተቋቋመው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የመሳሰሉ መሥሪያ ቤቶች ባዘጋጁት ክትባት፣ ባለሙያዎችም በየበረሃውና በየተራራው ባደረጉት ጥረት በሽታው ከአገራችን ወጣ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታወጀ።

እንግዲህ ነጋሪት እያስጎሰመ የመጣው ተሸነፈ። ድምፁን ያጠፋው ግን እስከ ዛሬ በበረቱ ውስጥ አለ። ለጉበት ትል እስካሁን በገበያ ላይ የዋለ ክትባት የለምና፣ ይህን ጠላት ማሸነፍ የሚቻለው በመርፌ ሳይሆን በዕውቀት፣ ያውም ባላገሩና ባለሙያው አብረው በሚይዙት ዕውቀት ነው።

የቦታው ጠባይ

ከደሴ ተነሥቶ በወልድያ መንገድ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከከተማይቱ አጠገብ የተንጣለለው ውሃ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም፣ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር የሚበልጥ ነው። ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚወርደው የአንከርካ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበትና አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ በደሴት ላይ ነበረ፤ ዛሬ ግን ውሃው ስለ ሸሸ ቦታው ከየብስ ጋር ተያይዟል።

የውሃውን መሸሽ ለታሪክ ብለን ብቻ አላነሣነውም። ውሃ ሲሸሽ ጭቃ ይቀራል፤ ጭቃውም ሣር ያበቅላል፤ ሣሩም ከብት ይጠራል። በዚያ አገር ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበልግና በክረምት፣ ይጠበቃል። በልጉ የቀረ እንደ ሆነ ኮረብታው ሁሉ ይነጣል፤ የእርሻው ቃርሚያም ቶሎ ያልቃል። በዚያን ጊዜ ለምለም ሆኖ የሚቆየው የሐይቁ ዳርቻ፣ የወንዙ አፍና ምንጭ የሚያጠጣው ረግረግ ነው። እረኛው መንጋውን ወደዚያ ቢነዳ ማን ይፈርድበታል? ዳሩ ግን ችግሩ ያለው እዚያው ላይ ነው። ከብቱን ከረኃብ የሚያድነው ሣር ራሱ የበሽታው መቀመጫ ሆኖ ይገኛል።

ከሐይቁ ወደ ሰሜን ሲኬድ ምድሩ እያደገ ይሄድና አምባሰል ይደርሳል። ስሙ ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ለአንዱ የተሰጠ፣ ግሸን ማርያምም የምትገኝበት ይህ አገር፣ ከቆላ እስከ ውርጭ ያለው አየር በአጭር መንገድ የሚታይበት ነው። በደጋው ያለው የትል ጠባይ ከሐይቁ ዳር ካለው የተለየ ስለ ሆነ እርሱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የትሉ መንገድ

የጉበት ትል እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ ነው። ሊቃውንት ፋሲዮላ ሄፓቲካ የሚሉት የደጋው ዓይነት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ፋሲዮላ ጃይጋንቲካ የሚሉት የቆላው ዓይነት ግን እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ለፋሲካ ወይም ለአረፋ በግ ያረደ ሰው ጉበቱን ሲከፍት ከሐሞቱ ቧንቧ ውስጥ ሲንሸራተት ያየው ይሆናል። የሚያየው ግን የታሪኩን መጨረሻ ነው እንጂ መጀመሪያውን አይደለም።

መጀመሪያው እንዲህ ነው። በሐሞቱ ቧንቧ ውስጥ ያለ አንድ ትል በቀን እስከ 20,000 እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ ከፋንድያው ጋር ይወጣል። በደረቅ መሬት ላይ የወደቀው ይሞታል፤ ውሃ ያገኘው ግን ሙቀት ሲስማማው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ፍጡር በዓይን አይታይም፤ የሚኖረውም አንድ ቀን ያህል ብቻ ነው። በዚያች ቀን ውስጥ አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ያልቅለታል። ካገኘ ግን ገላዋን በስቶ ይገባና በውስጧ ይራባል፤ በእንግድነት አንድ ሆኖ የገባው ከሳምንታት በኋላ በመቶ የሚቆጠር ሆኖ ይወጣል። የወጡትም እየዋኙ ሣር ላይ ይጣበቁና ቅርፊት ለብሰው፣ የሚበላቸውን አፍ ይጠብቃሉ።

ይህች ቀንድ አውጣ ቁመቷ ከ1 ሳንቲ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ፣ በጥልቁ ውሃ ሳይሆን በጭቃው ዳርቻ የምትኖር ናት። የበሬ ኮቴ ረግጦት ውሃ የቋጠረ ጉድጓድ ለእርሷ በቂ ቤት ነው። ድርቅ ቢመጣም በጭቃው ውስጥ ተቀብራ ወራት ትቆያለች፤ ዝናብ ሲመለስ እርሷም ትመለሳለች። ስለዚህ በጉ ሣሩን ከነቅርፊቱ በበላው ጊዜ፣ ትሉ አንጀቱን ቀዶ ወደ ጉበቱ ያመራል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት የጉበቱን ሥጋ እየቆፈረ ይዞራል፤ ከዚያም ሐሞቱ ቧንቧ ውስጥ ተቀምጦ እንቁላሉን መጣል ይጀምራል። መንገዱም እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ብዙ ትል በአንድ ጊዜ የወረደበት በግ፣ ትናንት ሲግጥ ታይቶ ዛሬ ሞቶ ሊገኝ ይችላል። የሚበዛው ግን ቀስ ብሎ የሚያከሳው ነው። የዓይኑ ውስጥ ይነጣል፤ ጠጉሩ ይሳሳል፤ ከመንጋጋው ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ይታያል። ላሚቱ ወተቷ ይጎድላል፤ በሬውም በእርሻ መካከል ይለግማል። ባለቤቱ «ዘንድሮ መኖ አጠረን» ብሎ ያልፈዋል። ምንም እንኳ መኖው በእውነት ያጠረ ቢሆን፣ ያችኑ ጥቂት መኖ ሁለት ተካፍለው እንደሚበሏት አያውቅም።

የባላገሩ ማስተዋልና የተማሪው ምርመራ

ረግረግ ላይ የሚሰማራ በግ እንደማይበጅ በልምድ የደረሱበት እረኞች በየአገሩ ነበሩ። ዣን ደ ብሪ የተባለው ፈረንሳዊ በ1379 እ.ኤ.አ. ስለ በግ አጠባበቅ ባዘጋጀው መጽሐፍ ይህን የጉበት ትል ጠቅሶታል። ነገር ግን ትሉና ረግረጉ በምን እንደሚገናኙ ከዚያ በኋላ ለ500 ዓመት ያወቀ አልነበረም።

በ1879 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ዝናብ ከመጠን አለፈ። በዚያ ዓመትና በተከታዩ ክረምት 3 ሚሊዮን ያህል በግ በጉበት ትል እንዳለቀ ተጽፏል። ይህ ጥፋት በኦክስፎርድ ለነበረው ለአልጀርነን ቶማስ የምርመራ ሥራ አመጣለት። ሰውየው ያን ጊዜ ዕድሜው ገና 20ዎቹን የጀመረ ወጣት ነበረ። ረግረግ ለረግረግ እየዞረ ቀንድ አውጣ ለቀመ፤ የትሉን እንቁላል በውሃ ውስጥ አስፈለፈለ፤ የትኛይቱ ቀንድ አውጣ እንደምትቀበለው ለየ። በጀርመን አገርም ሩዶልፍ ሎይካርት የተባለው ሊቅ በራሱ መንገድ እዚያው ደረሰ። በ1883 እ.ኤ.አ. የትሉ መንገድ ከዳር እስከ ዳር ታወቀ።

በአገራችንም ከዚህ የሚመሳሰል ነገር አለ። በ1957 ዓ.ም. ግድም ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዚያ ለመመርመር ወደ አድዋ ሄደው ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። እርሳቸውም ያን ጊዜ 30 ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላቸው ወጣት ነበሩ። እናቶቻችን በዘመናት ሲያጥቡበት የኖሩት ፍሬ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በዚህ ታወቀ፤ ለዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ታዲያ እንዶዱን ወስዶ በሐይቁ ዳር መርጨት አይበቃም ወይ? የሚል ተማሪ ይኖር ይሆናል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ ሐይቁ የገባው ቆሮሶ ዛሬ የብዙ ዓሣ አስጋሪዎች እንጀራ ነው። የአንዱን በግ ለማዳን የሌላውን መረብ ባዶ ማድረግ ሥልጣኔ አይባልም።

በደጋው፤ ውሻና በግ

አሁን ወደ አምባሰል ደጋ እንውጣ። ውሃ በማይቋጥር ተዳፋት ላይ የጉበት ትል ኃይሉ ይቀንሳል፤ ዳሩ ግን ቀንድ አውጣ የማያስፈልገው ሌላ ትል አለ። በግ አንገቱን ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ፣ ከመንጋው ተለይቶ፣ በአንድ ቦታ ላይ ሲዞር ይታያል። ባላገሩ አዙሪት ይለዋል። የዚህ በግ ራስ ቅል ቢከፈት በአንጎሉ ላይ ውሃ የሞላበት ከረጢት ይገኛል። ከረጢቱ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትል ልጅ ነው፤ እናቲቱ ያለችው በውሻ አንጀት ውስጥ ነው።

መንገዱ አጭር ነው። በጉ ይታረዳል፤ ራሱ ለውሻ ይጣላል፤ ውሻው ከረጢቱን ይበላል፤ ትሉም በአንጀቱ ያድጋል። እንቁላሉ ከውሻው ኩስ ጋር በሣሩ ላይ ይበተናል፤ ሌላ በግ ይግጠዋል። እንዲሁም በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚያወጣ ሌላ ትል አለ፤ እርሱም ከውሻ ወደ በግ፣ ከበግ ወደ ውሻ ይመላለሳል፤ ይባስ ብሎም ሰውን ይይዛል። ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ሕፃን ከሁሉ ይልቅ ያሠጋል። ከታረደው በግ የማይበላውን ዕቃ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ወይም ማቃጠል ገንዘብ የማይጠይቅ መድኃኒት ነው።

የዱር አራዊትም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። በሰሜን ተራሮችና በመንዝ ጓሳ የሚኖሩ ጭላዳዎች ገላቸው ላይ ትልልቅ እብጠት ሲወጣባቸው ታይቶ፣ በተመራመሩት ጊዜ የዚያው የትል ወገን ከረጢት ሆኖ ተገኝቷል። ጭላዳ ሥጋ አይበላም፤ ኑሮው ሣር በመንጨት ነው። ይሁን እንጂ ሣሩ ውሻ ወይም የውሻ ዘመድ የሆነ አውሬ የረገጠው ስለ ሆነ በሽታው ይደርሰዋል። ትል የወረዳ ድንበር አያውቅም፤ የበረትንና የዱርንም ድንበር አያውቅም።

መድኃኒቱና አወሳሰዱ

«መድኃኒት የለም ወይ?» ለሚለን አንባቢ፣ መድኃኒት አለ ብለን እንመልሳለን፤ ሆኖም ለየትኛው ትል፣ በየትኛው ወር፣ በምን መጠን የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ያልመለሰ መድኃኒት ገንዘብን ወደ ጭቃ እንደ መወርወር ነው።

ስለ ትሉ ዓይነት እንመልከት። የአይቨርሜክቲን መገኘት ሳቶሺ ኦሙራንና ዊልያም ካምቤልን በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያሰጠ ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን የሆድና የሳንባ ክብ ትሎችን እንጂ የጉበትን ትል አይገድልም። በየገበያው የታወቀው አልቤንዳዞል የጉበትን ትል ይገድላል፤ ግን የበሰለውን ብቻ ነው፤ ጉበቱን ገና በመቆፈር ላይ ያለውን አይነካውም። መጠኑም ለሆድ ትል ከሚሰጠው ከፍ ማለት አለበት። ትሪክላቤንዳዞል ልጁንም ትልቁንም ይገድላል፤ ይሁን እንጂ በአውስትራሊያ በ1995 እ.ኤ.አ. ትሉ መድኃኒቱን መልመዱ ተገልጿል፤ ከዚያም ወዲህ በሌሎች አገሮች ይኸው ታይቷል።

ትል መድኃኒትን የሚለምደው በሰው ጥፋት ነው። የአንዱን ክኒን ለሁለት ከፍሎ ለሁለት በግ መስጠት ቁጠባ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ደካማውን ትል ገድሎ ብርቱውን ለዘር ማስቀረት ነው። ሐኪሙ የበጉን ክብደት ሳይገምት፣ ያረገዘችውንም ሳይለይ መስጠት የለበትም፤ አልቤንዳዞል በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ለጽንሱ ያሠጋልና።

ወሩን ስንመለከት፣ በክረምቱ ማለቂያና በመስከረም፣ በጥቅምት፣ በኅዳር የተዋጠው ትል በታኅሣሥና በጥር ይበስላል፤ መድኃኒቱ በዚያን ጊዜ ቢሰጥ ያገኘዋል። እንደ ገናም ከክረምቱ በፊት ቢሰጥ፣ ዝናቡ ሲመጣ በሣሩ ላይ የሚዘራ እንቁላል ይቀንሳል። በልግና ክረምት በሚፈራረቁበት በወሎ ቀኑን ቆርጦ መወሰን ግን የአካባቢውን ዝናብ ያየ ባለሙያ ሥራ ነው።

«ታዲያ ወዴት ልንዳው?»

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ነገ ወደ ወረዳ ተመድበው የሚሄዱ ወጣቶች እንደሚኖሩ እናምናለን። አንዱ ወጣት ባለሙያ በሐይቁ ዳር በጎቻቸውን ያሰማሩ አንድ ሽማግሌ አገኘ እንበል። «አባባ፣ አንቱ እዚህ አያሰማሩ፤ ሣሩ ትል አለበት» ቢላቸው፣ እርሳቸው ደግሞ «አብሽር ልጄ፣ ምክርህ መልካም ነው፤ ታዲያ ወዴት ልንዳው?» ብለው ወደ ነጣው ኮረብታ ቢያሳዩት ምን ይመልሳል?

«አያሰማሩ» ብቻ ብሎ የሚሄድ ባለሙያ ምንም አልመለሰም። የተማረ ሰው ዋጋው የሚታወቀው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው። መልሱ አንድ ባይሆንም፣ ተደራርበው የሚረዱ ጥቂት መልሶች አሉ።

አንደኛው፣ የዳርቻውን ሣር በቁሙ ከማስጋጥ ይልቅ አጭዶ፣ በፀሐይ ደጋግሞ አገላብጦ፣ ደርቆ ሲያበቃ መከመር ነው። ቅርፊት የለበሰው ትል ድርቀትና ፀሐይ ይገድለዋል፤ እርጥበት እንደ ያዘ የተከመረ ድርቆሽ ግን ትሉን ለወራት ያቆየዋል።

ሁለተኛው፣ ከብቱ ጭቃውን እየረገጠ ወደ ውሃው እንዳይገባ፣ ውሃውን ቀድቶ በደረቅ ቦታ በገንዳ ማጠጣት ነው። የኮቴ ጉድጓድ ሲቀንስ የቀንድ አውጣ ቤትም ይቀንሳል።

ሦስተኛው፣ ግድ ሆኖ ዳርቻው የሚጋጥ እንደ ሆነ፣ ጠቦቱንና በጉን ወደ ላይ ማስቀረት ነው። ያደገ ከብት ከጊዜ ብዛት ትሉን በመጠኑ ይቋቋማል፤ በግ ግን ዕድሜውን ሙሉ አይለምደውም።

አራተኛውና ዋነኛው፣ መድኃኒቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ ለመንደሩ መንጋ ሁሉ መስጠት ነው። ግጦሹ የወል እስከ ሆነ ድረስ አንዱ አክሞ አንዱ ቢተው፣ ያልታከመው በግ ለታከመው በግ ሣር ላይ እንቁላል ይዘራለታል። ይህንም ለማድረግ አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልግም። ወሎ ቅሬ አለው። ለቀብርና ለኀዘን የሚሰበሰበው ቅሬ፣ በሬና በግ ሳይሞቱ በፊት ቢሰበሰብ ምን ይጎዳዋል? ባለሙያው የቅሬውን ሽማግሌዎች አማክሮ ቀኑን ቢያስቆርጥ፣ በደብዳቤ ከሚያገኘው ይልቅ በእነርሱ ቃል የሚያገኘው ይበልጣል።

በአገራችን በ2013 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ባወጣው ጥናት መሠረት 70 ሚሊዮን ያህል ከብት፣ 43 ሚሊዮን ያህል በግና 52 ሚሊዮን ያህል ፍየል ነበረ። በቁጥሩ ስንኮራ ኖረናል። ዳሩ ግን ከዚያ ሁሉ መንጋ ስንቱ ለባለቤቱ፣ ስንቱ ለትሉ እንደሚግጥ ጠይቀን እንደ ሆነ ራሳችንን እንመርምር። ክፉ ቀን ያመጣውን በሽታ ከዓለም ያጠፋ ትውልድ፣ ከአንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ጋር የሚደረገውን ትግል የሚፈራበት ምክንያት የለም። ትግሉ የሚጀመረው ግን በቢሮ ውስጥ ሳይሆን በጭቃው ዳር ነው፤ ጫማውን አውልቆ ወደዚያ ለመውረድ የሚፈቅድ ወጣት፣ የሽማግሌውን ጥያቄ የሚመልሰው እርሱ ነው።